ጢሮስና ሳንቲሞቿ፦ አንዲት የሮም ክፍለ ግዛት ከተማ ስለ ራሷ የተናገረችው

አንድ የጢሮስ የብር ሳንቲም እንመልከት። ክብደቱ 14 ግራም ገደማ ነው። በአንደኛው ወገን ጢም የሌለው ወጣት ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ይታያል፤ በራሱ ላይ የቅጠል አክሊል ደፍቷል፣ ከአንገቱ ሥር የአንበሳ ለምድ ቋጥሯል። ይህ መልቃርት ነው። ጢሮሳውያን የከተማችን ጠባቂ የሚሉት አምላክ ሲሆን ግሪኮች ደግሞ የእኛው ሄርኩለስ ነው ብለው ተቀብለውታል። ሳንቲሙ ሲገለበጥ የመርከብ አፍንጫ የረገጠ ንስር አለ፤ ከትከሻው ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ ይታያል። ዙሪያውን በግሪክኛ «የተቀደሰችውና የማትደፈረው ጢሮስ» ተብሎ ተጽፏል። ከንስሩ ፊት የሄርኩለስ ቆመጥ ቆሟል፤ ከቆመጡ በላይ ሦስት ፊደላት አሉ፦ ሮ፣ ኒ፣ ቴታ።

እነዚህ ፊደላት ቁጥር ናቸው። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበርና ሮ 100፣ ኒ 50፣ ቴታ 9 ነው። የግዕዝ አኃዝም የተወሰደው ከዚሁ የግሪክ አቆጣጠር ስለሆነ ፻ ከሮ፣ ፶ ከኒ፣ ፱ ከቴታ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ፻፶፱ን አንብቦ የሚረዳ ኢትዮጵያዊ በዚህ ሳንቲም ፊት ባዳ አይደለም። ጢሮስ ዓመት መቁጠር የጀመረችው ራሷን ማስተዳደር ከጀመረችበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ126/125 ነው። ከ159 ላይ 126 ሲቀነስ 33 ይቀራል። ሳንቲሙ የተመታው በ33 እና 34 ዓ.ም. መካከል፣ ጲላጦስ ይሁዳን ሲገዛ ነው ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ሳንቲም በሁለት አፍ ይናገራል። ሥዕሉና ጽሑፉ ከተማዋ ስለ ራሷ እንዲታመንላት የምትሻውን ይነግሩናል። ክብደቱና የብሩ ጥራት ደግሞ ቃሏ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ያሳያሉ። የጢሮስን ታሪክ በሳንቲሞቿ በኩል ማየት ደስ የሚያሰኘው ለረጅም ዘመን ሁለቱ ስለተስማሙላት ነው።

ከባሕር የተሠራች ከተማ

ጢሮስ ዛሬ በደቡብ ሊባኖስ ያለችው ሱር ናት፤ ከቤይሩት በስተ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሊባኖስ ሠርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በዚህ በዐረብኛ ስሟ ያውቋታል። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ግን ጢሮስን የሚያውቃት ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የዝግባ እንጨት በላከው በንጉሥ ኪራም ታሪክ ውስጥ ነው፤ ቀጥሎም ነቢዩ ሕዝቅኤል በ27ኛው ምዕራፍ የንግዷን ስፋት አገር በአገር እየዘረዘረ ሲያለቅስላት።

በጥንት ዘመን ከተማዋ ከየብስ የተለየች ደሴት ነበረች። መከታዋም እንጀራዋም ባሕሩ ነው። ሀብቷን ያመጣው ደግሞ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣው ሐምራዊ ቀለም ነበር። ከአንዱ ቀንድ አውጣ የሚገኘው ቀለም ከጠብታ ስለማይበልጥ አንድ ልብስ ለመንከር በሺዎች የሚቆጠሩ መሰብሰብ ነበረባቸው። ለዚህ ነው ሐምራዊ ልብስ የነገሥታትና የባለጸጎች ልብስ ሆኖ የቀረው። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን ስለ ጢሮስ ሲጽፍ የማቅለሚያ ቤቶቿ ብዛት ኑሮውን የማያስደስት ቢያደርገውም ያበለጸጋት ይኸው ሥራ መሆኑን ይናገራል። ቤቶቿ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረቡና ከሮም ቤቶች ሳይቀር የሚበልጡ እንደነበሩም ይጠቅሳል። በጠባብ ደሴት ላይ ብዙ ሰው ሲኖር ሌላ ምን ይደረጋል?

ጢሮስ የራሷን ሳንቲም መምታት የጀመረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 አካባቢ፣ በፋርስ ነገሥታት ሥር ሳለች ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ ዶልፊንና የቀንድ አውጣው ቅርፊት ይታያሉ። በጀርባቸው ያለችው ጉጉት የአቴናን ሳንቲም ታስታውሳለች፤ ይሁንና የግብፅ ፈርዖኖች የሚይዙት በትርና ጅራፍ ተደርቦባታል። ከሁሉም ጋር የምትነግድ ከተማ ከሁሉም ወስዳ የራሷ አደረገችው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ታላቁ እስክንድር መጣ። ለሄርኩለስ፣ ማለትም ለመልቃርት፣ በከተማዋ ውስጥ መሥዋዕት ላቅርብ ቢል ጢሮሳውያን አናስገባም አሉት። ከበባው 7 ወር ፈጀ። እስክንድር ከየብስ እስከ ደሴቲቱ ድረስ ድንጋይና አፈር እየደለደለ መንገድ አስሠራና ከተማዋን ሰበራት። ያ ድልድል በዘመናት ብዛት አሸዋ እየተከማቸበት ሰፋ፤ ጢሮስም ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘችው በእርሱ ነው። ከእስክንድር በኋላ ከተማዋን በመጀመሪያ የግብፅ በጥሊሞሳውያን፣ ቀጥሎም የሶርያ ሰሌውቃውያን ገዟት።

በሰሌውቃውያን ዘመን የተመቱ ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች አንድ የቆየ ፉክክር ይገልጡልናል። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ጢሮስ በፊንቄ ቋንቋ ራሷን «የሲዶናውያን እናት» ብላ ጻፈች። ጎረቤቷ ሲዶናም ዝም አላለችም፤ በራሷ ሳንቲም ላይ የበርካታ ከተሞች እናት እኔ ነኝ ስትል ጢሮስን ከልጆቿ ቆጠረቻት። ንጉሡ ከላይ ተቀምጦ ሳለ ሁለቱ ከተሞች በገበያ ሳንቲም ላይ ይህን ክርክር ማካሄዳቸው፣ የከተማ ሳንቲም ለዜጎቹ ምን ያህል የክብር ጉዳይ እንደነበረ ከምንም በላይ ያሳያል።

የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የመረጠው ብር

የሰሌውቃውያን መንግሥት በእርስ በርስ ጦርነት ሲዳከም ጢሮስ በ126/125 ራሷን የማስተዳደር መብት አገኘች። ያን ጊዜ የጀመረችው የብር ሳንቲም መግቢያው ላይ ያየነው ነው። ግሪኮች ባለ አራት ድራክማ ይሉታል፤ አይሁድ ሰቅል። 14 ግራም የሚመዝነው ሙሉ ሰቅል ሲሆን 7 ግራም የሚሆን ግማሽ ሰቅልም ነበር። ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ ብር ስለነበረ ነጋዴ ሁሉ ሳይጠራጠር ይቀበለው ነበር። በየዓመቱ ቁጥሩ እየተለወጠ፣ መልኩ ግን ሳይለወጥ፣ ለ190 ዓመት ያህል ተመታ።

ከተቀበሉት ሁሉ የሚገርመው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ነው። በኦሪት ዘጸአት 30 እንደታዘዘው ለመቅደስ የሚሰጠው ግማሽ ሰቅል በጌታ ዘመን ወንድ አይሁዳዊ ሁሉ በየዓመቱ የሚከፍለው ግብር ሆኖ ነበር። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጻሕፍት ለእንዲህ ያለው የሃይማኖት ክፍያ መለኪያ አድርገው የሚጠቅሱት የጢሮስን ብር ነው። ሳንቲሙ የአሕዛብ አምላክ ፊትና የንስር ምስል አለበት፤ የተቀረጸ ምስል በጥብቅ በሚከለክል ሕዝብ መቅደስ ውስጥ ግን ይገባ ነበር። ምክንያቱ በሚዛን ላይ ይገኛል። የኦሪቱ ትእዛዝ የብር ልክ ነው፤ ልኩን ሳያጎድል የሚገኝ ሳንቲም ደግሞ የጢሮሱ ነበር። በሌላ አካባቢ የሚመታው ብር ከነሐስ ጋር ይበልጥ እየተቀላቀለ ሲሄድ ይህኛው እንደ ጸና ቆየ።

በወንጌል የምናነባቸው ገንዘብ ለዋጮች በመቅደሱ አደባባይ ጠረጴዛ የዘረጉበት ምክንያት ከዚህ በኋላ ግልጽ ይሆናል። ከሮም፣ ከእስክንድርያ፣ ከባቢሎን የመጣው ተሳላሚ በእጁ የያዘው የአገሩን ሳንቲም ነው፤ ለመቅደስ ግብር የሚሆነውን ለማግኘት መለወጥና ለለዋጩ ጥቂት መጨመር ነበረበት። በማቴዎስ ወንጌል 17 ጴጥሮስ ከዓሣው አፍ ያወጣው እስታቴርም የሁለት ሰው ግብር የሚበቃ አንድ ሳንቲም ነው፤ ይህም የአንድ ሙሉ ሰቅል ልክ ነው። ይሁዳ የተቀበለውንም ሠላሳ ብር ብዙ ሊቃውንት የጢሮስ ሰቅል እንደነበረ ያስባሉ፤ ከመቅደስ ሣጥን የወጣ ገንዘብ ነውና። አንድ ሰቅል አራት ዲናር ያህል ያወጣ ነበር። የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ እንደሚያሳየው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ከሆነ፣ ሠላሳው ብር የቀን ሠራተኛ ለአራት ወር ያህል የሚለፋበት ገንዘብ ይሆናል።

ይህ ብር በይሁዳና በገሊላ ምን ያህል ተሰራጭቶ እንደነበር ከመሬት የወጣው ይመሰክራል። ከሙት ባሕር ጥቅልሎች ጋር ስሟ በሚነሳው በቁምራን ፍርስራሽ በ1955 በሦስት ማሰሮዎች ውስጥ 561 የብር ሳንቲሞች ተገኙ፤ አብዛኞቹ የጢሮስ ነበሩ። በ1960 ደግሞ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ 4,500 ገደማ የብር ሳንቲሞች የያዘ ክምችት ወጣ። ከእነዚህ 3,400 ያህሉ የጢሮስ ሙሉ ሰቅሎች፣ 1,000 ያህሉ ግማሽ ሰቅሎች ነበሩ፤ የሮም ዲናር 160 ብቻ ነበር። ከግማሽ ሰቅሎቹ ብዛት የተነሳ ወደ ኢየሩሳሌም በመጓዝ ላይ የነበረ የመቅደስ ግብር ነው ያሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ18 አካባቢ ጀምሮ በሰቅሎቹ ላይ አዲስ የግሪክ ፊደላት ምልክት ይገባል፤ አቀራረጻቸውም ቀስ በቀስ ይሻክራል። እስራኤላዊው የሳንቲም ሊቅ ያኮቭ መሾረር ከዚህ ተነስቶ እነዚህ ሰቅሎች የተመቱት በታላቁ ሄሮድስ ፈቃድ በኢየሩሳሌም ውስጥ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሌሎች ሊቃውንት የጢሮስ ስም ያለበት ሳንቲም የተመታው በጢሮስ ነው ብለው ተከራክረውታል። ለእኔ የኋለኞቹ ያመዝናሉ፤ ስሟን በክብር የምትጠብቅ ከተማ በስሟ ሌላ ሲመታበት ዝም ትላለች ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ያም ሆነ ይህ የሰቅሎቹ የመጨረሻ ዓመት 65/66 ዓ.ም. ነው። ወዲያው በ66 አይሁድ በሮም ላይ ሲያምፁ የራሳቸውን የብር ሰቅል መቱ፤ ክብደቱ እንደ ጢሮሱ 14 ግራም ያህል፣ ምስሉ ጽዋና የሮማን ፍሬ፣ ጽሑፉ ደግሞ «ኢየሩሳሌም የተቀደሰች» የሚል። ከጢሮስ ሚዛኑን ወሰዱ፣ ጣዖቱን ጣሉ፣ «የተቀደሰች» የሚለውን ማዕረግም ለራሳቸው ከተማ አደረጉት።

በሮም ሥር

ሮማዊው የጦር መሪ ፖምፔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ64 ሶርያን የሮም ክፍለ ግዛት ሲያደርጋት ጢሮስ ራሷን የማስተዳደር መብቷን አስከበረች። ሌላው ሮማዊ መሪ ማርቆስ አንቶኒዮስ የባሕሩን ዳርቻ ለግብፅ ንግሥት ለክሊዮፓትራ ሲሰጥ እንኳ ጢሮስንና ሲዶናን ከስጦታው አውጥቷቸዋል። አውግስጦስ ቄሣር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20 ወደ ሶርያ በመጣ ጊዜ በሁለቱ ከተሞች ውስጥ በተነሳው የወገን ጠብ ተቆጥቶ ነፃነታቸውን እንደቀነሰ የታሪክ ጸሐፊው ዲዮ ካሲየስ ይናገራል። ሰቅሉ መመታቱን ግን አላቋረጠም።

እዚህ ላይ የሮም አሠራር ማብራሪያ ይፈልጋል። ሮም በምሥራቁ ግዛቶቿ አንድ ወጥ ሳንቲም አልጫነችም። ወርቁ የቄሣሩ ነበር፤ በየክፍለ ግዛቱ የሚመታው ብር በአገረ ገዥው ዓይን ሥር ይሆናል። ዳቦና ወይን የሚገዛበት፣ የመታጠቢያ ቤት የሚከፈልበት የነሐስ ዝርዝር ግን ለየከተማው ምክር ቤት ተተወ። በዘመናት ውስጥ እንዲህ ያለ ሳንቲም የመቱ ከተሞች 600 ያህል ይሆናሉ። አመታቱ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፦ የአንዱ ወገን ቅርጽ ከመስፍ ጋር ይገጠማል፣ የጋለው ክብ ብረት በላዩ ይቀመጣል፣ የሌላው ወገን ቅርጽ ያለበት ብረት ከላይ ይያዝና በመዶሻ ይመታል። ብዙ ሳንቲሞች ሥዕላቸው ወደ አንድ ጎን የሸሸው በዚህ ጊዜ የባለሙያው እጅ ትንሽ ስለሳተ ነው።

አብዛኞቹ ከተሞች በአንዱ ወገን የቄሣሩን ፊት፣ በሌላው የራሳቸውን አምላክ ወይም ሕንፃ ያደርጉ ነበር። ጢሮስ እስከ 2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ይህን አላደረገችም። በነሐስ ሳንቲሞቿ ላይ የሚታዩት መልቃርት ወይም የከተማይቱ ዕድል አምላክ፣ በራሷ ላይ የከተማ ግንብ እንደ ዘውድ የደፋችው ሴት፣ ናቸው። ከግሪክኛው ጎን በፊንቄ ፊደል «ለጢሮስ» የሚል ጽሑፍ ይገኝባቸዋል። በአደባባይ ሐውልት ላይ ፊንቄኛ መጻፍ ከቀረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቋንቋው በሳንቲም ላይ እንዲኖር ሆን ብለው ጠብቀውታል። በእነዚህ ዘመናት ከተማዋ የክፍለ ግዛት እናት ከተማ የመባል ማዕረግም አገኘች፤ ሳንቲሞቿም ወዲያው «ሜትሮፖሊስ» የሚለውን ቃል ያዙ።

የነጋዴዎቿን ኑሮ በቅርብ የሚያሳየን በኢጣልያ ወደብ በፑቴዮሊ የተገኘ በድንጋይ የተቀረጸ ደብዳቤ ነው። በ174 ዓ.ም. በዚያ ያሉ የጢሮስ ነጋዴዎች ለእናት ከተማቸው ምክር ቤት ጻፉ፦ የንግድ ቤታችን በውበትም በስፋትም ከሌሎቹ ይበልጣል፣ እኛ ግን ቁጥራችን አንሷል፣ በዓመት 250 ዲናር የሚከፈለውን ኪራይ ልንችለው አልቻልንም። የጢሮስ ምክር ቤትም ጉዳዩን ተሰብስቦ ከተከራከረበት በኋላ በሮም ያሉት የጢሮስ ነጋዴዎች እንደ ቀድሞው እንዲሸፍኑላቸው አደረገ። በባዕድ አገር ተሰድዶ የማኅበር ቤት ኪራይ ያዋጣ ሰው ይህን ደብዳቤ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የጦርነት ዕዳና ሽልማት

በ193 ሮም ቄሣር አጥታ የጦር አለቆች ሲፋጁ የሶርያው አገረ ገዥ ፔስኬኒየስ ኒጀር አንዱ ተፎካካሪ ነበር። ጢሮስ ፊቷን አዙራ ባላንጣውን ሴፕቲሚየስ ሴቬረስን ደገፈች። ኒጀር ተናዶ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ጦር ወርዋሪዎችንና ቀስተኞችን ላከባት፤ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በመጨረሻ ያሸነፈው ሴቬረስ ውለታውን አልረሳም። ሶርያን ለሁለት ከፍሎ ጢሮስን የፊንቄ ሶርያ መዲና አደረጋት፤ በ198 አካባቢ የሮም ኮሎኒያ የመሆን ማዕረግና ከግብር ነፃ የሚያደርጋትን መብት ሰጣት። በዘመኑ ከታወቁት የሕግ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ኡልፒያን የጢሮስ ተወላጅ ነበር፤ በጽሑፉም ይህን መብት ሲጠቅስ ስለ አገሩ በኩራት ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ሳንቲሙ መልኩን ለወጠ። የቄሣሩ ፊት ገባ፤ ግሪክኛው ለላቲን ቦታውን ለቀቀ፤ ስሟም «ኮሎኒያ ሴፕቲሚያ ጢሮስ ሜትሮፖሊስ» ሆነ። በከተማዋ የሰፈሩት የሦስተኛው ጋሊካ ሌጌዎን ጡረተኞች ዓርማም በሳንቲሞቹ ላይ ይታያል። ማዕረግ ግን ሰጪው ሲለወጥ ሊሄድ ይችላል። በቄሣር ኤላጋባሉስ ዘመን ከዓመፅ ጋር በተያያዘ ጢሮስ ክብሯን ተገፈፈች፤ ሽልማቱ ለዘመናት ባላንጣዋ ለሲዶና ደረሰ። በዚያ ጊዜ «ኮሎኒያ» የሚለው ቃል ከጢሮስ ሳንቲም ጠፍቶ «የጢሮሳውያን» የሚል ብቻ ቀረ። ማዕረጉ በኋላ ሲመለስላት ቃሉም ተመለሰ። የከተማዋን መውደቅና መነሣት ሌላ ጽሑፍ ባይኖር እንኳ ከነዚህ ጥቂት ፊደላት መከተል ይቻላል።

እኔ የጢሮስን ሳንቲሞች ከሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ከዚህ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ውስጥ ነው። ከተማዋ የቄሣሩን ፊት በአንዱ ወገን ከተቀበለች በኋላ የቀረውን ወገን ለራሷ ጥንታዊ ታሪክ ሰጠችው። በአንደኛው ሳንቲም ላይ ከጢሮስ ሸሽታ ካርታጎን የመሠረተችው ንግሥት ዲዶ አለች፤ ግንበኞች ከበሩ ሥር ሲሠሩ ቆማ ታዝዛለች። ካርታጎን ያፈረሰችው ሮም እንደሆነች ለሚያስታውስ ሰው ይህ ደፋር ሥዕል ነው። በሌላው ላይ ካድሞስ ቆሞ በፊቱ ላሉ ሦስት ሰዎች ጥቅልል ያቀብላል፤ ከበላያቸው «ግሪኮች» እና «ካድሞስ» የሚሉ ቃላት አሉ። ፊደልን ለግሪኮች ያስተማረ ፊንቄያዊ ነው የሚባለው ካድሞስ ነውና፣ በሮም ቄሣር ሳንቲም ላይ «ማንበብና መጻፍ ያስተማርናችሁ እኛ ነን» የሚል መልእክት ተላለፈ። የታሪክ ምርምርም በዚህ ያግዛቸዋል፤ የግሪክ ፊደል ከፊንቄ ፊደል እንደተወለደ ዛሬ የሚከራከር የለም።

ሌሎች ሳንቲሞች ሁለት ቋሚ ድንጋዮችንና በመካከላቸው የበቀለ የወይራ ዛፍን ያሳያሉ። በአፈ ታሪክ ጢሮስ ከመመሥረቷ በፊት በባሕር ላይ ይንሳፈፉ የነበሩ ዓለቶች ናቸው። ሐምራዊው ቀለም እንዴት እንደተገኘም ተቀርጿል፦ የሄርኩለስ ውሻ በባሕሩ ዳር ቀንድ አውጣ ሲያኝክ አፉ በቀለም ተነከረ ይባላል፤ በሳንቲሙ ላይም ውሻውና ቅርፊቱ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ቅርፊቱ በዚህ ዘመን በጢሮስ በሚመታው ሳንቲም ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ጥግ ይታያል። በቄሣር ካራካላ ትልልቅ የብር ሳንቲሞች ላይ እንኳ ከንስሩ እግሮች መካከል ተቀምጧል፤ የተመታበትን ከተማ የሚያስለየውም እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ በ260ዎቹ በቄሣር ጋሊኤነስ ዘመን አበቃ። ምክንያቱ ከጢሮስ በላይ የሆነ ችግር ነበር። ቄሣሮች የጦር ደመወዝ ለመክፈል በዋናው ሳንቲም ውስጥ ያለውን ብር እየቀነሱ ሄደው በጋሊኤነስ መጨረሻ ከ5 በመቶ በታች አወረዱት። ዋጋ ሲንር የነሐስ ዝርዝር ለመምታት የሚወጣው ወጪ ሳንቲሙ ከሚገዛው በለጠ። ከጢሮስ ጋር የምሥራቁ ከተሞች ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ትውልድ ውስጥ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

ከጢሮስ ወደ አክሱም

ጢሮስ ሳንቲም መምታት ባቆመችበት በዚያው የ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አክሱም የራሷን ወርቅ መምታት ጀመረች። ንጉሥ እንዱቢስ ሳንቲሙን የመታው ስሙን በግሪክኛ አጽፎ፣ ክብደቱንም በሮም ወርቅ ልክ ግማሽ ያህል አድርጎ ነው፤ በቀይ ባሕር ንግድ ላይ ሁሉም እንዲቀበለው።

ጢሮስና አክሱም የሚገናኙበት ታሪክ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደጻፈው ሜሮፒዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ ይዞ ከጉዞ ሲመለስ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደብ ላይ ቆመች። የአገሩ ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል ስለፈረሰ በመርከቧ የነበሩትን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ራሩላቸው፤ ወደ ንጉሡም ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። አስተዋይነቱ የታየው ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡን ሒሳብና ደብዳቤዎች እንዲይዝ ተሾመ። የነጋዴ ከተማ ልጅ የአክሱምን መዝገብ ያዘ ማለት ነው።

ፍሬምናጦስ ቆይቶ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአገሩ ጳጳስ እንዲላክ ቢለምን ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እርሱን ሾመው፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው። ራሱ አትናቴዎስ ከጢሮስ ጋር የነበረው ትዝታ ግን መራራ ነው። በ335 ቄሣር ቆስጠንጢኖስ በጢሮስ ያስጠራው ጉባኤ ተቃዋሚዎቹ የበዙበት ነበርና አትናቴዎስን ከመንበሩ ሻረው፤ ከዚያም ለስደት ተዳረገ። አንዲት ከተማ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ጳጳስ ወልዳ፣ ጳጳሱን የሾመውን አባት ደግሞ በጉባኤ አውግዛለች።

በዚሁ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በሳንቲሙ ላይ የነበረውን ክብና ጨረቃ አንሥቶ መስቀል አደረገበት። ኤዴስዮስ ግን ወደ ወላጆቹ ከተማ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ በዚያም ቅስና ተቀበለ። ሩፊኖስ የአክሱምን ታሪክ የጻፈው ከወሬ እንዳልሆነ፣ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ እንደሆነ ገልጿል።